ሰው ሁሉ ረቡዕ የሚታመምበት ሕንፃ

ጥር 8 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለለምንዬ፤

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው። የምንኖርበት ሕንፃ በር በትኩሳት ወረርሽኝ ምክንያት ከውጭ ከተቆለፈ ዛሬ ዐሥራ ስምንት ቀን ሆነ፤ የሚከፈትበትም ቀን የሚቆረጠው ባሕር ማዶ በሚሠራ ስሌት መሆኑን የጤና ጽሕፈት ቤቱ ነርስ ነግራናለች። ስሌት ደግሞ ያንቺ ሙያ ነው። ስለዚህ የዚህን ስሌት አሠራር በጽሑፍ፣ በተሟላ ዐረፍተ ነገር እንድታስረጂኝ እጠይቅሻለሁ።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርሽ። አክስትሽ ደህና ናት። «ሳቂ በላት» ብላኛለች። ምን ለማለት እንደ ፈለገች ባይገባኝም ቃሏን እንዳለ አስተላልፌአለሁ።

የመጨረሻ ደብዳቤሽን በቀይ ቀለም አርሜ መልሼ ከላክሁልሽ ወዲህ ሁለት ዓመት ዝም ብለሻል። አክስትሽ ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለች። እርማቱ ትክክል ነበር፤ መልሶ መላኩ ግን ቢቀር የሚጎድል ነገር አልነበረም።

ሕንፃችንን ልጅ ሳለሽ ታውቂዋለሽ፤ አራት ፎቅ፣ ሠላሳ ሁለት በርና አንድ ጠባብ ደረጃ ነው። በየመስኮቱ ያለውን የብረት ፍርግርግ ሌባ እንዳይገባ ብለን ያሠራነው እኛው ነን፤ አሁን ከውስጥ ሆነን ስናየው ለማን እንደ ተሠራ ግራ ያጋባል። ምግብ የሚገባው፣ ደብዳቤም የሚገባውና የሚወጣው በዘበኛው በኩል ነው። ያለን አንድ ስልክ በእሱ ጎጆ ውስጥ፣ ከበሩ ውጭ ቀርቷል። እስከ ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰው በትኩሳቱ ታሟል፤ ከምድር ቤት ሁለት ሰዎች አርፈዋል።

አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ማገልገሌ ስለሚታወቅ የጤና ጽሕፈት ቤቱ የሕንፃውን የሕመምተኞች መዝገብ ለእኔ ሰጥቶኛል። በየጧቱ በሁለት ሰዓት በር በር እያንኳኳሁ «ያመመው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የቤቱም ኃላፊ በእኔው ብዕር ይፈርማል። ያልተፈረመበት ነገር ወሬ ነውና። በመዝገቤ ውስጥ ባዶ የቀረ ዓምድ አንድም የለም።

በመጨረሻ የተመዘገበችው የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ናት፤ ጥር 5 ቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ስምንት ቀን አዲስ ሕመምተኛ ካልተገኘ በሩ የካቲት 3 ቀን ይከፈታል ተብሏል። ለምን ሃያ ስምንት? ለምን ሃያ አልሆነም? የሰው ልጅ ስንት ቀን እንደ ታሰረ ብቻ ሳይሆን በምን ሒሳብ እንደ ታሰረም ማወቅ አለበት።

አጎትሽ


ጥር 13 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እትዬስ እንዴት ናቸው? ለሁለታችሁም ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ አንዴ ለመልእክቱ፣ አንዴ ለናፍቆት፣ አንዴ ደግሞ ስሕተት ፍለጋ። ስሕተት አላገኘሁም። ለእትዬ ስቄአለሁ ይበሉልኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ነርሷ ያለችው ስሌት የሚሠራው እኔ በምሠራበት ክፍል ነው። የሕንፃዎቹ መዝገብ ሁሉ ገጽ በገጽ ፎቶ እየተነሣ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣል። ስም አይመጣም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የእናንተ ሕንፃ ሰባት ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እንዳየሁት ግን የማን እጅ ጽሕፈት እንደ ሆነ አወቅሁ። ማንበብ የተማርሁት በዚያ ጽሕፈት ነውና።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ሰዉን ሁሉ በሦስት ክፍል እንመድበዋለን፤ ገና ያልታመሙ፣ የታመሙ፣ ከሕመሙ የወጡ። ሰው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይሄዳል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። «ከሕመሙ የወጡ» ስንል የዳኑትንም የሞቱትንም ነው፤ ስሌቱ አይለያቸውም። ይህን መጀመሪያ ስማር ምሳዬን ትቼ ተነሥቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ አንድ ሕመምተኛ ከሕመሙ ከመውጣቱ በፊት ለስንት ሰው ያስተላልፋል? ከአንድ በላይ ከሆነ በሽታው ያድጋል፤ ከአንድ በታች ከሆነ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። በር የሚዘጋው ይህን ቁጥር ከአንድ በታች ለማውረድ ነው። ሃያ ስምንቱም የሚመጣው እንዲህ ነው። ትኩሳቱ ሳይታይ ሰው ውስጥ የሚቆይበት ረጅሙ ጊዜ ዐሥራ አራት ቀን ነው። አንድ የማይታይ ሕመምተኛ ቢያመልጠን፣ እሱ ያስያዘው ሌላ ሰው መታየቱ አይቀርም ብለን ሌላ ዐሥራ አራት ጨመርን።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ እኔም አለኝ። በሌሎች ሕንፃዎች ሰው ሰኞም ይታመማል፣ ቅዳሜም ይታመማል። በእናንተ ሕንፃ ዐሥራ አንዱም ሰው የታመመው ረቡዕ ቀን ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ «እነዚህ ሰዎች ለበሽታ ሳምንታዊ ስብሰባ አላቸው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እስቲ ምክንያቱን ይጻፉልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ክፍላችን መስኮት የለውም፤ ቀን መሆኑን የምናውቀው በሰዓት ነው። ድንበሩ ስለ ተዘጋ ልምጣ ብልም መምጫ የለኝም።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 20 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ማብራሪያሽ ግልጽ ነው።

የረቡዕ ነገር ምንም ምሥጢር የለውም። ነርሷ የምትመጣው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ ነው። በሩ ሥር ወንበር ይቀርብላታል፤ እኔ የጠቆምኋቸውን ብቻ እየጠራች ትመረምራለች። እሷ ያላረጋገጠችውን ሕመም እኔ አልጽፍም፤ ሐኪም አይደለሁምና። ስለዚህ «ሕመሙ የጀመረበት ቀን» በሚለው ዓምድ የማሰፍረው እሷ ያየችበትን ቀን ነው። በማተሚያ ቤት ሳለሁ ያልተረጋገጠ ቃል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ባልደረባሽ ቀልዱን ለራሱ ያቆየው።

የሕንፃው ሰው ቀን እየቆጠረ ነው። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራል። ሚስቱ ከተመዘገበች ወዲህ «በእናንተ ምክንያት ነው የተቆለፈብን» እየተባለ ሰላምታ የሚሰጠው አጥቶ ነበር፤ አሁን ቀኑ ሲቃረብ ሰዉ ለዘብ ብሎለታል። ዛሬ ጧት መዝገቡን ሲፈርም፣

«ጋሼ፣ ዐሥራ ሦስት ቀን ቀረን!» አለኝ።

«ዐሥራ አራት» አልሁት።

«ዛሬንማ ምን ያስቆጥረዋል፣ ነግቶ የለም እንዴ! ደግሞ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የማስተካክለው እርስዎን ነው። ጫካ የከረመ ሰው መስለዋል።»

ልብስ ሰፊዋም ከሁለተኛ ፎቅ ሰምታ ሳቀች። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል።

አንድ የስሌት ጥያቄ ላቅርብልሽ፤ ለማወቅ ያህል ነው። ሰውን ትኩሳት ቢይዘው፣ ነገር ግን ከክፍሉ ፈጽሞ ባይወጣ፣ ከአንድ አስታማሚ በቀርም ማንም ባያየው፣ ስሌቱ ይህን ሰው ቢዘለው ምን ይጎድልበታል? ለማንም የማያስተላልፍ ሕመምተኛ በቁጥር ዜሮ አይደለምን? በአንድ ዜሮ ምክንያት ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ እንደገና ሃያ ስምንት ቀን መቆለፉ በምን ትክክል ይሆናል?

ደግሞም ትኩሳት የሚያወርድ ጥሩ መድኃኒት እዚያ ካለ በፖስታ ብትልኪ ለሕንፃው ይጠቅማል።

አክስትሽ ተኝታለች፤ ስለዚህ የምታስተላልፈው ቃል የለም። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ስለምከፍት ሰሞኑን ብዙም አንነጋገር።

አጎትሽ


ጥር 25 ቀን፤ በአስቸኳይ ፖስታ

ጋሼ፤

ሰላምታውን ስላሳጠርሁ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ ታመዋል።

ይህን ለማወቅ ስሌት አላስፈለገኝም። «ሳቂ በላት» ያሉ ሴት ቃል አጥተው አይተኙም። እርስዎም ዕድሜዎን ሁሉ የጎረቤት ሬዲዮ ቀንስ ሲሉ የኖሩ ሰው ነዎት እንጂ ከፍ አድርገው ከፍተው አያውቁም። ስልክ እንዳልደውል ስልኩ ያለው ዘበኛው ዘንድ ነው፤ ዘበኛው የሰማውን ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል። መድኃኒቱን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ለእትዬ ነው፣ ለሕንፃው አይደለም።

ጥያቄዎን እንዳለ አሰላሁት። «ከአንድ አስታማሚ በቀር» ብለዋል። ያንን አስታማሚም አስገባሁት። ጋሼ፣ በእናንተ ሕንፃ ሁሉም ሰው በሩን ዘግቷል። ማንም ከማንም አይገናኝም። አንድ ሰው ብቻ በየጧቱ ከሕመምተኛ አጠገብ ተነሥቶ ሠላሳ አንድ በር ያንኳኳል፤ አንዱን ብዕር ለሠላሳ አንድ እጅ ያቀብላል። እሱ ቢያዝ ወይም ሕመሙን በእጁ ይዞ ቢዞር፣ በእናንተ ሕንፃ አንዱ ሕመምተኛ የሚያስተላልፈው ለስድስት ሰው ነው። ዜሮ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፤ ስሕተት ፍለጋ። አላገኘሁም።

የእኔንም ጥፋት ይስሙ። ከዐሥር ቀን በፊት በስብሰባ ላይ «ከሁሉም መዝገብ የሚታመነው የትኛው ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። የሌሎቹ ሁሉ ድልዝ፣ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ዓምድ ነው። እኔ «ሰባት» አልሁ። የረቡዕን ነገር እያወቅሁ «ሰባት» አልሁ። ያመንሁት አኃዙን ሳይሆን የእጅ ጽሕፈቱን ነበር። ጸሐፊው አጎቴ መሆኑንም አልተናገርሁም። አሁን ሰባት ቁጥር ንጹሕ ሆኗል ተብሎ፣ በእሱ ልክ ዐሥራ አራት ሕንፃ የካቲት 3 ቀን ሊከፈት ነው። ሁለት ሺህ ሰው ያህል ይኖርባቸዋል። ውሳኔው የሚፈረመው የካቲት 1 ቀን፣ ሰኞ ጧት ነው።

ብናገር፣ ሕመምተኛ ደብቋል ብዬ ያሳደገኝን ሰው የምከስስ እኔ ነኝ። ዝም ብል፣ የሚሆነውን አስቀድሜ በቁጥር አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ትናንት ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ከዚህ መስኮት አልባ ክፍል ወጥቼ ኮሪደሩን እየዞርሁ እመለሳለሁ። ሁለቱም ጫፍ በር አለው፤ ሁለቱም የሚያወጣው ወደዚሁ ክፍል ነው።

የምለምንዎ ይህን ነው። ከነገ ጀምሮ አንድም በር አያንኳኩ። እትዬን በትክክለኛው ቀን ይመዝግቡ። ነርሷ አላረጋገጠችም ብለው አይጠብቁ፤ የማያውቁትን ዓምድ ባዶ ይተዉት። እኛ በባዶ ዓምድ ማስላት እንችላለን። አምሮ በተሞላ ሐሰት ግን ማስላት አንችልም።

የካቲት 1 ቀን ስብሰባው ውስጥ እገባለሁ። የታረመው ገጽ ከደረሰኝ ገጹን አቀርባለሁ። ካልደረሰኝ «የሰባት ቁጥር መዝገብ አይታመንም፣ ጸሐፊው አጎቴ ነው» እላለሁ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምናገር የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ለእትዬ በእኔ ፈንታ እጃቸውን ይያዙልኝ።

ለምንዬ


ጥር 28 ቀን፤ በአስቸኳይ ፖስታ

ለወንድሜ ልጅ፣ ለለምንዬ፤

ፈጣሪ ያክብርሽ። የታረመው ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሁለት መስመር ተጨምሮበታል። እንዴት እንደ ተጨመረ በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። አንብቤ አጠፍሁት። አክስትሽ ከአልጋ ላይ ሆና፣

«ምን አለች?» አለችኝ።

«ሰላም ብላሻለች።»

«ውሸታም! ፊትህ ወረቀት መስሏል። አንብብልኝ።»

አነበብሁላት። ትኩሳቱ የጀመራት ጥር 17 ቀን ነው፤ ጥር 23 ቀን ለቀቃት፤ ሳሉ ግን እስካሁን አለ። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «ዐሥር ቀን ሙሉ ትራስ ነክሼ ሳልሁ። አንተ ሬዲዮ ትከፍታለህ። በር የተቆለፈብኝ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በመንግሥት፣ አንዴ ባንተ። አሁን ስሜን ጻፍ።»

«ነርሷ ሳታረጋግጥ እንዴት...»

«ሰውዬ፣ እኔ አረጋግጣለሁ!»

ጻፍኋት። ነርሷን ሁለት ረቡዕ «አዲስ የለም» ብዬ ሸኝቻታለሁ፤ ይህንንም በግርጌው ጽፌአለሁ። ለምን እንዳደረግሁት ብትጠይቂኝ፣ ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ ቀን ሲቆጥር አይቼ አሳዘነኝ እላለሁ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ስሟ ከተጻፈ በኋላ ሰዉ እንዴት እንዳያት አይቻለሁና በእኔ ቤት እንዲሆን አልፈለግሁም። መዝገቡን የሚይዝ ሰው ቤቱ በመዝገቡ ውስጥ አይገባም ብዬ ያመንሁ ይመስለኛል።

ዛሬ ጧት በሁለት ሰዓት በር አላንኳኳሁም። አፌን በጨርቅ ሸፍኜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መካከል ካለው ደረጃ ላይ ቆምሁና የአክስትሽን መታመም፣ እኔም መደበቄን ጮኼ ተናገርሁ። ለሰው ተናግሬ ማን እንደ ሰማኝ ሳላይ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉም በር ዝግ ነበር። ከዚያ የፀጉር አስተካካዩ በር ተከፈተ።

«አምስት ቀን ነበር የቀረን!» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«የኔን ሚስት ስም ለመጻፍ አላመነቱም። ቆንጆ አድርገው ነው የጻፏት። እሷ ስትሆን ነርስ ትጠራለች፣ የእርስዎ ስትሆን ሬዲዮ ይከፈታል፤ አይደል?»

ሚስቱ ከኋላው «ተው፣ ሽማግሌ ናቸው» አለችው።

«ሽማግሌነቱን ማን ካደ! እኔ የምናገረው እንደ ሰው ለሰው ነው!»

በዚህ መካከል ልብስ ሰፊዋ በሯን ሳትከፍት ተናገረች። ድምፅዋ ከወለሉ አጠገብ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ እኔንም ያተኩሰኛል። ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ እንጃ። ሳምንት ሲቀር ምን አፍ አለኝ ብዬ ዝም አልሁ።»

ከዚያ በኋላ የጮኸ ሰው አልነበረም። ለምንዬ፣ በስሌታችሁ ውስጥ ይህን ክፍል አላየሁትም፤ ቀኑ በተቃረበ ቁጥር የሚደበቁትን ሰዎች። እኔና እሷ በአንድ ደረጃ ላይ፣ በአንድ ምክንያት ዝም ብለን ኖረናል። ስለ ብዕሩ የጻፍሽውን ነገርኋቸው። ልብስ ሰፊዋ ብዕሩን በየጧቱ የምትቀበለኝ መርፌዋን አፏ ውስጥ ይዛ ነበር።

መዝገቡን ፀጉር አስተካካዩ ወሰደው። በር አያንኳኳም፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠራል፣ ከውስጥ ይመልሱለታል። የልብስ ሰፊዋን መስመር የጻፈው እሱ ነው። «ሕመሙ የጀመረበት ቀን» በሚለው ዓምድ «ማክሰኞ ምናልባት» ብሏል። ገጹን በበሬ ሥር አሾልኮ ሰጠኝ፤ ሳሽገው እንዳለ ተውሁት።

እኔን እስከ ዛሬ አላተኮሰኝም፤ ከክፍሌ ግን አልወጣም። አክስትሽ የመጀመሪያውን ማብራሪያሽን አስነበበችኝና «ከሕመሙ የወጣ ወደ ኋላ አይመለስም ብላ የለም? በቃ፣ እኔ ወጥቻለሁ» ብላ፣ የደረጃውን እጀታ ይዛ እያረፈች ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ወረደች። ውሃና ያንቺን መድኃኒት ይዛለች። ልከለክላት ሞክሬ ነበር፤ እንዴት እንደ መለሰችልኝ በጽሑፍ አላሰፍረውም። ትክክል መሆኗን ወይም አለመሆኗን ንገሪኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በሩ ሊከፈት ቀጠሮ በነበረበት ጧት ሰዉ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ሊሰማ ተስማምቷል፤ ለምን እንደገና ሃያ ስምንት ቀን እንደሚቆለፍበት ማወቅ ይፈልጋል። እኔ ላስረዳ ብል ፀጉር አስተካካዩ «ከእርስዎ አፍ አንሰማም፤ ልጅቷ ራሷ ትጻፍልን» አለ። ሌሎቹም ከየቤታቸው «እሷው ትጻፍ» አሉ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእንግዲህ የእኔን ቃል የሚያምን የለም።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፊላቸው። ቃሉ ቀላል ይሁን፤ የማይታመን ተስፋ አይኑርበት። ያተኮሰው ሰው በዚያው ቀን ቢናገር ምን እንደሚተርፍ፣ ቢደብቅ ምን እንደሚመጣ በቁጥር አሳዪአቸው። ስለ እኔም የሠራሁትን ጻፊ፤ አጎቴ ነው ብለሽ አታለዝቢው። ጮክ ብሎ የሚያነበው ፀጉር አስተካካዩ ነው፣ አንድም መስመር እንዳይዘል እኔው አደራ ብዬዋለሁ።

መልስሽ በጽሑፍ፣ እስከ የካቲት 3 ቀን ጧት ሦስት ሰዓት ድረስ በዘበኛው እጅ እንዲገባ እጠይቅሻለሁ።

አጎትሽ